የቆላ ሹራብ

በፑዌርቶ ኢኔስ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ውሻ እንኳ ግድ ካልሆነበት አይጮህም። የማግዳሌና ወንዝ እሳት ላይ እንደ ተረሳ ሾርባ እንፋሎቱን እያነሳ ይተኛል። ሰዉ በየበረንዳው በተንጠለጠለ የመረብ አልጋ ላይ ተጋድሞ ጀልባ ይጠብቃል፣ ወይም ጀልባ የሚጠብቅ ይመስላል። በዚህች ከተማ ኤደልሚራ ቱሪሶ የምትባል ሴት አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሱፍ ሹራብ ስትሠራ ኖረች።

ለሽያጭ አልነበረም። መተዳደሪያዋ የተማሪዎች የደንብ ልብስ መስፋት ነው። ጧት ጧት የስፌት መኪናዋ መንደሩን ይቀሰቅሳል፤ ምሳ ተበልቶ ሰው ሁሉ ሲተኛ ደግሞ መኪናውን ሸፍና ሁለቱን የሹራብ መርፌዎች ታወጣለች። «መኪናው ለሆዴ ነው፤ መርፌዎቹ ለራሴ» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

ነገሩ የተጀመረው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሲስተር ዶሚቲላ የሚባሉ መነኩሲት ከቱንሃ፣ ከዚያ ደጋ አገር፣ በሴቶቹ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ እንዲያስተምሩ ተላኩ። ሲስተር ከእጅ ሥራ ሁሉ የሚያውቁት ሱፍ ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሴት ልጆች በላብ ተጠምቀው፣ ክሩ ጣታቸው ላይ እየተጣበቀ፣ የበግ ሽታ እየሸተታቸው ተቀመጡ። በወሩ ሃያ ዘጠኙ አንድም ሆዴን፣ አንድም ራሴን እያሉ ቀሩ። ኤደልሚራ ብቻ ጸናች። ሲስተርም ብዙ አልሰነበቱም። በስድስተኛው ወር ወባ ጥሏቸው በጀልባ ወደ ደጋቸው ሲመለሱ ሁለት መርፌና አንድ ጆንያ ሱፍ ለዚያች ለጸናችው ትተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥላት። የጥጥ ክር ውሰጂ፣ እንደ ሌላው ሰው የመረብ አልጋ ሥሪ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል ሥሪ ብለው መከሯት። ሞክራው ታውቃለች፤ ጥጥ እጇ ውስጥ የሞተ ነገር ሆነባት። ሱፍ ግን ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ይታዘዛል፣ አንዳንዴም ያኮርፋል። አንድ ረጅም ክር መቀስ ሳይነካው አንገት ያለው፣ እጅጌ ያለው፣ ሰው የሚገባበት ነገር ሆኖ መውጣቱ በመቶኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው ይገርማት ነበር።

ሙቀቱን የምትቋቋምበት ዘዴ ነበራት። እግሯን በውሃ ሳፋ ውስጥ ትነክራለች፤ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ ትጥላለች፤ ላብ ክሩን እንዳያጣብቅባት እጇን የሕፃናት ፓውደር ትቀባለች። ባሏ ኦቶንየል የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ብዙ የሚያወራ። በየግማሽ ሰዓቱ ከሥራው ተነሥቶ የሳፋውን ውሃ ይቀይርላትና ምንም ሳይል ይመለሳል። ሱፉንም ከላይ አገር በሚመጡ ጀልባዎች የሚያስመጣላት እሱ ነው። የልደቷ ቀን በመጋቢት፣ ሙቀቱ በሚከፋበት ወር ላይ ነው የሚውለው። በዚያን ቀን ኦቶንየል የሠራችለትን ግራጫ ሹራብ ለብሶ ምሳ ይበላል። አንድ ዓመት ዓሣው ሳያልቅ ራሱን ስቶ ወደቀና ጎረቤት ተሸክሞ ወንዝ ውስጥ ነከረው። ከተማው ሰክሮ ነው አለ። እሱም ከማስረዳት ሰክሬ ነው ማለት ይቀላል ብሎ አመነ።

ሌላው ግን እንደ ኦቶንየል አልነበረም። ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ጎረምሳ ትምህርት ሲጨርስ፣ ሙሽሮች ሲጋቡ ኤደልሚራ ሹራብ ይዛ ትመጣለች። ተቀባዩ ያመሰግናል፣ ይስማል፣ ያደንቃል፤ በሳምንቱ ሹራቡን በወረቀት ጠቅልሎ ይመልሳል። ሰበቡ እንደ ጸሎት በቃል የተጠና ነው። «እኛ ቤት ብል ይበላዋል ዶኛ ኤደልሚራ፤ ደጋ የምሄድ ቀን እስኪደርስ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ።» እሷም ትቀበላለች፤ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፋ በመርፌ ቁልፍ ትሰካበትና በብል መድኃኒት አጅባ ሣጥን ውስጥ ትከታለች። ሞኝ አልነበረችም። ከፑዌርቶ ኢኔስ ማንም ደጋ ሄዶ እንደማያውቅ፣ ሊሄድም እንደማያስብ ታውቃለች። ደስታዋ ከመሥራቱ ላይ ስለነበረ የመመለሱ ነገር ቶሎ ያልፍላታል። ሣጥኖቹ ግን አምስት ደረሱ፤ ሁለት ሰው ለብቻቸው የሚኖሩበት ቤት ውስጥ መቶ ሃያ የጎረቤት ደረት ታጥፎ ተቀምጧል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በአንድ የሰኔ ወር የከተማው የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ቱንሃ ለሚደረግ የባንዶች በዓል ተጠራ።

ፑዌርቶ ኢኔስ እንዲህ ያለ ክብር አይታ አታውቅም። አሥራ አራቱ ሙዚቀኞች ሦስት ቀን ሙሉ ሲጋበዙ ከረሙ። የባንዱ መሪ ማይስትሮ ፕሊኒዮ፣ ጢሙን እንደ ጥሩንባው የሚወለውል ሰው፣ ሁሉም ነጭ በነጭ እንደሚለብሱ ዐወጀ። ይህን ደስታ ያበላሸው የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። የከተማው ተወላጅ አይደለም፤ ቱንሃ ሁለት ዓመት ተምሯል። ነሐሴ ላይ እዚያ ንፋሱ አጥንት ውስጥ ገብቶ እንደሚያድር፣ ጧት ሳሩ ላይ በረዶ ተጋግሮ እንደሚገኝ፣ የቀዘቀዘ የጥሩንባ አፍም ከንፈር ይዞ እንደማይለቅ ተረከላቸው። ስለ ከንፈሩ ትንሽ ሳያጋንን አልቀረም። ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ የነጭ ልብሱ ወሬ ቆመ። ካፖርት የሚባል ነገር ደግሞ በጀልባ የሁለት ቀን መንገድ ተሂዶ እንኳ የሚሸጥበት ሱቅ የለም።

ማነው መጀመሪያ ያሰበው አይታወቅም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሳያስበው አልቀረም፤ ግን ማንም ደፍሮ አፍ አውጥቶ ለመናገር አንድ ሳምንት ፈጀ።

በመጨረሻ ማይስትሮ ፕሊኒዮ ቆቡን በእጁ ይዞ ኤደልሚራ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ስለ ወንዙ ሙላት አወራ፣ ስለ ማንጎው ዘንድሮ ማነስ አወራ፣ ስለ ኦቶንየል ሞተሮች ጤና ጠየቀ። ኤደልሚራ እግሯን ሳፋው ውስጥ እንደነከረች ረድፏን ትቆጥራለች። ማንጎውም ወንዙም ሲያልቅበት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኤደልሚራ፣ እነዚያ ሹራቦች... አሁንም አሉ እንዴ?»

«የትኞቹ ሹራቦች?»

«እነዚያ የኛ።»

«የናንተ ከሆኑማ እናንተ ጋ ነው የሚኖሩት» አለች ቀና ሳትል።

ማይስትሮ በወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ባንዱ የከተማው ክብር መሆኑን፣ ክብር ደግሞ ጉንፋን ይዞት ቢነፋ እንደማያምር ማስረዳት ጀመረ። ኤደልሚራ ረድፏን እስክትጨርስ አስቆመችው። ከዚያ ቅድመ ሁኔታዋን ነገረችው። በጅምላ ብሎ ነገር የለም። እያንዳንዱ ራሱ መጥቶ፣ የራሱን ሹራብ፣ በራሱ አፍ ይጠይቃል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከበረንዳዋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ድረስ ሰልፍ ሆነ። የመንደሩ ሰው እንቅልፉን ትቶ ወንበሩን ይዞ ሊያይ ወጣ። ያኔ ነው ማንም ያላሰበው ችግር ብቅ ያለው። ሹራቦቹ ባሉበት ቆመው ሲጠብቁ ሰዎቹ አልቆሙም ነበር። ለክላርኔት ነፊው ወረቀቱን አንብባ የሰጠችው ሹራብ የክርስትናው ነው፤ አንዱ እጅጌ ለአውራ ጣቱ ልክ ሆነ። ቱባ የሚባለውን ትልቁን ጥሩንባ የሚነፋው ዋልበርቶ የትምህርት ቤት ምረቃውን ሹራብ ተቀበለ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ሸንበቆ ነበር፤ አሁን ግን ቱባውና እሱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የትኛው ቱባ እንደሆነ የሚያሳስት ሰው ነው። ሦስት ሰው ይዞ አለበሰው። ለማውለቅ አምስት ሰው አስፈለገ፤ በመካከሉም ዋልበርቶ ከውስጥ ሆኖ ለእናቱ ኑዛዜ ሲናገር ተሰማ።

ኤደልሚራ አልሳቀችም። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሁሉንም ለካች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ፍርዷን ሰጠች። ለማንም ልክ የማይሆነው ሹራብ ይተረተራል፤ የጎደለው በጎኑ ይጨመርበታል። እስከ ጉዞው የቀረው ቀን አርባ ሲሆን ሰው አሥራ አራት ነው። ስለዚህ ልምምዳቸውን እሷ ግቢ ያደርጋሉ፤ የማይነፋ ደግሞ ክር ይይዛል።

እንዲህ ሆነና ያንን ሐምሌ የፑዌርቶ ኢኔስ ባንድ ግማሹ ሲነፋ ግማሹ ሁለት እጁን እንደ እስረኛ ዘርግቶ የተተረተረ ሱፍ ተጠምጥሞበት ይቀመጥ ነበር። እሷ ልቃቂቱን ታጠነጥናለች። ትሮምቦን ነፊው ኤውክሊደስ መጀመሪያ አፍሮ፣ ኋላ ወዶት፣ በመጨረሻ ተዉኝ ልሥራ እያለ መርፌ ጠይቆ የራሱን እጅጌ ራሱ ጨረሰ። ጓደኞቹ ሲያላግጡበት «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ እዚህ ውስጥ ሰው ያርፋል» አላቸው። በቀጣዩ ሳምንት ከሚያላግጡት ሁለቱ አጠገቡ ተቀምጠው እንዴት እንደሚጀመር ሲጠይቁት ታዩ።

የማይስትሮ ፕሊኒዮ ተራ የመጨረሻ ነበር። ሆን ብሎ ነው ያዘገየው። ኤደልሚራም ከአምስተኛው ሣጥን ሥር፣ ከሁሉ በታች፣ ቀይ ሹራብ አወጣች። ደረቱ ላይ ሁለት ነጭ እርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመዋል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ ሁለቱም ያላገቡ ሳሉ፣ ማይስትሮም ማይስትሮ ሳይሆን በየማታው በመስኮቷ ሥር ጥሩንባ የሚነፋ ጎረምሳ ሳለ የሠራችለት ነው። በሳምንቱ «ደጋ እስክሄድ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» ብሎ መለሰላት። በዓመቱ የፋርማሲውን ባለቤት ልጅ አገባ።

ኦቶንየል ከሞተሩ ላይ ቀና ብሎ እርግቦቹን አንድ በአንድ አየ።

«ሌላ ካለሽ...» አለ ማይስትሮ ጢሙን እየነካካ። «እነዚህን ወፎች ተርትረሽ ማውጣት አይቻልም?»

ኤደልሚራ መልስ ከመስጠቷ በፊት ኦቶንየል እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። በወር ውስጥ የተናገረውን ሁሉ ቢደምሩት ይህን አያህልም ነበር።

«ወፎቹ ምን አደረጉህ ማይስትሮ? ያማረ ሥራ ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ግራጫ ስለብስ ወፍ አላገኘሁም። ልበሰው።»

ማይስትሮ ለበሰው። ጠባብ ቢሆንም ገባለት፤ ትንፋሽ ሲስብ እርግቦቹ ይራራቃሉ፣ ሲያስወጣ ይሳሳማሉ። ኤደልሚራ ጎኑን ልትጨምርለት ብትልም ኦቶንየል እንደዚሁ ይበልጥ ያምርበታል አለና ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲያፏጭ ዋለ።

ነሐሴ ሲገባ በጀልባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጉዞ ተጀመረ። ኤደልሚራ «የልብስ ኃላፊ» ተብላ፣ ኦቶንየል ምንም ሳይባል ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወጣ አየሩ መጀመሪያ ለዘብ፣ ከዚያ ቀዝቀዝ፣ ከዚያ ጨከን አለ። ሙዚቀኞቹ ተራ በተራ ሹራባቸውን ለበሱ። በሕይወቱ ብርድ አይቶ የማያውቅ ሰው የራሱን እስትንፋስ እንደ ጭስ ሲወጣ ሲያይ ደንግጦ አፉን ይይዛል። ኤደልሚራም ቀን የወጣለትን ሰማያዊ ሹራቧን አጠለቀች። ለራሷ የሠራችው ስታገባ ነው፤ ለብሳው ግን አታውቅም፣ ምን ልትሆንበት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ኩራት ሞቃት። ከዚያ አንገቷን አከከች። ከዚያ ክንዷን። ከዚያ ሁለቱንም። ዞር ብላ ብታይ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ምስጋና፣ እጁ ደግሞ አንገቱ ላይ ነው። ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ኦቶንየል፣ ይኼ ነገር ያሳክካል።»

«አውቃለሁ» አላት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከተጋባን በኋላ የመጀመሪያው ልደትሽ ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ኦቶንየል በመስኮቱ ጉሙን እያየ «ስትሠሪ ፊትሽን አይተሽው አታውቂም» አላት፤ ከዚያም ክንዱን ማከክ ቀጠለ።

ቱንሃ ሲደርሱ ያረፉበት ቤት ወጥ ቤት ዶኛ ትራንሲቶ በምትባል ትንሽ፣ ቀይ ጉንጭ አሮጊት ይመራል። ደጋዎቹ ሰው ሲያነጋግሩ ጨዋነታቸው እስከ መሬት ነው። ዶኛ ትራንሲቶ ለእንግዶቹ ሸንኮራ የተፈላበት ሙቅ ውሃ እየቀዳች ሳለ ዋልበርቶ ጋ ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ይቅርታ ጠይቃ የሹራቡን ጫፍ ገለበጠች። ወደ መስኮት ወስዳ አየችው፤ ዋልበርቶም ሹራቡን ተከትሎ ወደ መስኮት ሄደ።

«ይህን የሠራው ማነው፣ ጌታዬ?»

ኤደልሚራ ተነሣች። ልቧ እንደ ተማሪ መታ።

«እመቤቴ» አለች ዶኛ ትራንሲቶ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እጅዎ የተባረከ ነው። ግን እዚህ ሹራብ ውስጥ ያለው የክር ቀለበት ሁሉ እግሩን አነባብሮ ነው የተቀመጠው።»

ኤደልሚራ አልገባትም። አሮጊቷ ከመደርደሪያዋ ላይ የራሷን ሥራ አውርዳ አሳየቻት። እውነትም የአሮጊቷ ቀለበቶች እግራቸውን ዘርግተው እንዳረፉ ሰዎች ነበሩ፤ ጨርቁም ሲነኩት እንደ ድመት ሆድ ይለሰልሳል። የኤደልሚራው ግን ተጠምዝዞ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ምንጣፍ ጠንክሯል። ክሩን በየቀለበቱ ከፊት ማንሳት ሲገባት ከኋላ ስታነሳ ኖራለች። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳታሳርፍ።

ማን እንዳስተማራት ስትጠየቅ ስሙን ተናገረች። ዶኛ ትራንሲቶ እጇን አጨበጨበች። ሲስተር ዶሚቲላን ታውቃቸዋለች፤ የሠፈር ሰው ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ ቀረብ ብላ እንደ ምሥጢር ጨመረችበት፤ ሲስተር ግራኝ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እጃቸውን እያየ የተማረ ልጅ ሁሉ ነገሩን ገልብጦ ነበር የሚይዘው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ይሆናል። ኤደልሚራም ለአንድ አፍታ ሣጥኖቿ ሁሉ በዓይኗ መጡባት፤ ሁለት መቶ አርባ እጅጌ፣ ሁሉም እግሩን አነባብሮ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወንበር ስባ የተቀመጠች ጊዜ የመጣባት ዓይነት። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ገና የምትማረው ነገር ተገኘ።

«ያሳዩኝ» አለችና ወንበር ሳበች።

ባንዱ ወደ አደባባይ ወጣ። ማይስትሮ እርግቦቹን ደረቱ ላይ እያስተካከለ ሄደ። ኤደልሚራ «መጣሁ፣ ይህችን ረድፍ ልጨርስ» አለች። ምድጃው ሞቆ ነበር፣ ድንቹ ይፈላል፣ ዶኛ ትራንሲቶ ከጎኗ ተቀምጣ እንጂ ከፊቷ ተቀምጣ አላስተማረቻትም። ከመስኮቱ ውጭ ጭብጨባ ሲሰማ የአንድ ባንድ ይሁን የሌላ ማንም አልጠየቀም። አንድ ጊዜ ብቻ ኤደልሚራ ቀና ብላ የማውቀው ዜማ ነው አለች፤ ወዲያው ቀለበት አመለጣትና ዜማውን ተወችው።

አመሻሽ ላይ ሰዎቹ እየዘመሩ ተመለሱ። ከዘጠኝ ባንድ አራተኛ ወጥተዋል። አንደኛ የወጡ ያህል ነበር፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ማይስትሮ የመሪነት ዘንጉን ባነሳ ቁጥር እርግቦቹ ሲሳሳሙ አይቶ ይደገም እያለ ጮኸ፤ አንድ ጋዜጠኛም ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ወፎቹ ሦስት ጥያቄ ጠየቀው። ማይስትሮ ለጋዜጠኛው የባንዱ የጥንት ምልክት ናቸው ብሎ መለሰ። አሁን በዚያ ብርድ ላብ ያጠመቀው ይመስል ፊቱ እያበራ ኤደልሚራ ፊት ቆመ።

«እንዴት ነበርን? ያ የመጨረሻው እንዴት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።»

ኤደልሚራ መዳፍ የምታህለውን ለስላሳ ጨርቅ ከጉልበቷ ላይ ወደ ኪሷ አንሸራተተች።

«ልቤን ነው የነካኝ» አለች።

ማይስትሮ ጢሙን ወለወለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኦቶንየል በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን፣ ኪሷንና ያልተነሣችበትን ወንበር ተራ በተራ ተመለከተና ወደ ድንቹ ሄደ።

በመመለሻው ቀን አውቶቡሱ ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምር ኤደልሚራ ትሮምቦን ነፊውን ኤውክሊደስን አጠገቧ አስቀመጠችው። አዲሱን አነሣስ በቀስታ አሳየችውና ሁለቱም መርፌያቸውን ይዘው ሥራ ጀመሩ። አንድ ሁለት መንደር ካለፉ በኋላ ማይስትሮ ፊት ወንበር ላይ ማንኮራፋቱን አረጋግጣ ወደ ኤውክሊደስ ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ በመጨረሻ የነፋችሁት የትኛውን ነበር፣ እስኪ አንዴ አንጎራጉርልኝ። ሰፈር ስንደርስ እንዴት ነበር የሚለኝ ሰው አይጠፋም።»

ኤውክሊደስ ሳቁን ውጦ በአፍንጫው ዜማውን ጀመረላት። እሷም ራሷን እየነቀነቀች፣ ቀለበቶቹን ከፊት እያነሳች፣ ያለችበት ረድፍ እንዳይጠፋባት በዜማው ልክ ትቆጥር ጀመር።